ስሙን በእትዬ ከፈለች ድምፅ ላይ የለጠፈው ዲጄ

ዋሲሁንን ዲጄ ዋሴ ሳይባል በፊት አውቀዋለሁ። ቆቦ ዘጠነኛ ክፍል አብረን ስንማር ከኋላ ተቀምጦ ዴስክ ይደበድብ ነበር። በኋላ ሙዚቃ ቤት ተቀጥሮ ቀኑን ሙሉ ፍላሽ ላይ ዘፈን ሲጭን ይውል ጀመር። ስሙ የወጣው ግን በጎረቤታችን በእትዬ ከፈለች ነው።

እትዬ ከፈለች ሠርግ ላይ ዘፈን የሚያወጡ ሴት ነበሩ። እስላም ሆነ ክርስቲያን፣ ልጁን የሚድር ሁሉ ይጠራቸዋል። ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚባለውን መሸኛ እንደሳቸው የሚለው አልነበረም። ዋሲሁን አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣና ጓሮ በርጩማ ላይ አስቀምጦ ቀዳቸው። እንዳይጮኹ ዶሮዎቹን ያባረርኩለት እኔ ነኝ። ከሥሩ የኤሌክትሮኒክ ምት ጨመረበትና ከጎብዬ እስከ ዋጃ ባጃጁ ሁሉ እሱን ይከፍት ጀመር። በየስንኙ መጨረሻ "ዲጄ ዋሴ" የሚል የራሱን ድምፅ ከተተበት። የሳቸውን ስም የትም አልጠራም።

አልዋሽም፣ ያኔ ጎበዝ ነበር። ጎረምሳው መቼ እንደሚዘል፣ ሴቶቹ መቼ ጭብጨባውን እንደሚያፈጥኑ እያየ ነበር ሙዚቃውን የሚቀይረው። አሁን ቤቱ አቀናብሮ ያመጣውን ፍላሽ ይሰካል፤ ከዚያ ምንም የማይቀይር ቁልፍ እያሽከረከረ ለቪዲዮ ይስቃል።

እትዬ ከፈለች ካረፉ ሦስት ዓመታቸው። ዘንድሮ ልጃቸው ረድኤት ስታገባ ዋሲሁንን የጠራሁላት እኔ ነኝ። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር።

"ከቤት ስወጣ የእማዬን ድምፅ ብቻ ክፈትልኝ። ምቱም ስምህም ሳይኖርበት" አለችው።

"ውይ ረዲ፣ ለኔም እናቴ ነበሩ እኮ" አላት ደረቱን እየነካ።

የሠርጉ ቀን ረድኤት ደጃፉ ላይ ቆመች። ሴቶቹ ጭብጨባውን አቆሙ። ከድምፅ ማጉያው ምቱ ወጣ። ከዚያ የእናቷ ድምፅ፣ ከዚያ "ዲጄ ዋሴ"። እንደገና እናቷ፣ እንደገና "ዲጄ ዋሴ"። ጎረምሶቹ መዝለል ጀመሩ።

ወደሱ ሄድኩ። "ዋናው የታለ?"

"ዋናውማ የለም። ስልኬ ሞልቶ ድሮ አጠፋሁት። ምን ታካብጃለሽ፣ ሰው እየጨፈረ አይደል?"

"ቀድመህ አትናገርም?"

"ብናገር ሌላ ትጠሩ ነበራ።"

ሶኬቱን ነቀልኩት። እናቴ ሳሊሀ፣ ድሮ ከእትዬ ከፈለች ኋላ ታጨበጭብ የነበረችው፣ ግጥሙን ግማሹን እየረሳች መሸኛውን አወጣችው። ረድኤት በዚያ ዘፈን ወጣች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ዋሲሁን በለቀቀው ቪዲዮ ላይ ሶኬቱ የተነቀለበት ቦታ የለም። ሳምንት ሳይሞላ ዋጃ ለሁለት ሠርግ ተጠራ። "የእትዬ ከፈለችን ልጅ የሸኛት እሱ ነው" ይሉለታል።

ረድኤት ለመልስ ስትመጣ የአራት ዓመቷ ልጄ ኢቅራ አንሶላ ተከናንባ ሙሽራ ሙሽራ ትጫወት ነበር። መሸኛውን እያለች፣ በየስንኙ መጨረሻ በዚያች ቀጭን ድምጿ "ዲጄ ዋሴ" ትላለች።

"የዘፈኑ ግጥም መስሏታል" አለች ረድኤት።

ልጄን ጠራኋት። "እዚያ ላይ ስትደርሺ ‹ከፈለች› በይ።"

"ከፈለች ማናት?"

ረድኤት መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጠችና መንገር ጀመረች። ኢቅራ አሁን "ከፈለች" ትላለች። አንዳንዴ ብቻ፣ ዘፈኑን የከፈተ ባጃጅ ካለፈ በኋላ፣ ትሳሳታለች።