ከጎኔ የተቀመጠው ተጫራች

ስለ ቴምብር የማውቀውን ማንም አላስተማረኝም። የቀለም ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ቢሆንም እዚህ አትላንታ አጠገብ ስቶን ማውንቴን ቤቴ ውስጥ ሦስት መደርደሪያ የሞላ አልበም አለኝ፤ ዲግሪ የጫኑት ልጆቼ ኢንተርኔት ፈትሸው ያጡትን እኔ በማጉያ መነጽር አንዴ አይቼ እነግራቸዋለሁ።

አንድ ገጽ ብቻ ይጎድለኝ ነበር። ከሰባት የአገራችን ቴምብሮች ስድስቱ ተደርድረው የሰባተኛው ቦታ ባዶ ነው። ዓይኔ እየደከመ ስለመጣ ጨርሶ ሳይጨልም ያንን ገጽ ሞልቶ ማየት ተመኘሁ። ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቴምብር መሰብሰብን ከሀ ጀምሬ ላስተማርኩት ወዳጄ። ቴምብሩን ከአልበሙ የሚያያይዘውን ስስ ወረቀት እንኳ አራቱን ጫፍ በምላጭ ከርከም ማድረግን የለመደው ከእኔ ነው። ሌላው ሰው ፋብሪካ የቆረጠውን ይገዛል።

ባለፈው ጸደይ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ያ የሚፈልጉት ቴምብር እዚሁ ስማይርና ከተማ ጨረታ ላይ ሊወጣ ነው። የአንድ የሞተ ፈረንጅ ንብረት ነው አሉ።"

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በእሱ መኪና ሄደን ጎን ለጎን ተቀመጥን። የተጫራች ቁጥሬን ባነሳሁ ቁጥር አጫራቹ "ኦንላይን ያለው ጨምሯል" ይላል። ወዳጄ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይነካካል።

"ምን ትጎረጉራለህ?"

"ልጄ ናት ቴክስት የምታደርግልኝ። ይልቅ አይልቀቁ ጋሼ! ለፈረንጅ ሊተዉት ነው?"

አልለቀቅኩም። ካሰብኩት ሦስት እጥፍ ሲደርስ ኦንላይን ያለው ዝም አለ። ወዳጄም ስልኩን ኪሱ ከተተና አቅፎ ሳመኝ።

ቤቴ ገብቼ ቴምብሩን በወረንጦ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ የተጣበቀው ወረቀት አራቱም ጫፍ በምላጭ ተከርክሟል። ያ ቴምብር በእኔ እጅ አልፎ አያውቅም። እንዲያ የሚቆርጥ ሌላ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ስልኩ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ላይ ያዝኩት።

"ቴምብሩ ያንተ ነበር?"

አልካደም። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእርስዎው ዘዴ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጨረታ ዣንጥላ ሰጥተው፣ መልሰው ራስዎ ዋጋ ሲጨምሩበት አልነበር? 'ሰው የሚሞቀው እንዲህ ነው' ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

"እኔ ሕዝብ ፊት ቆሜ ነው! ዣንጥላው የእኔ መሆኑን የማያውቅ የለም። አንተ ከጎኔ ተቀምጠህ ነው። 'ይህን ያህል ይስጡኝ' ብትለኝ አልሰጥህም ነበር?"

"እርስዎ? በክርክር አድክመው በግማሽ ይወስዱታል እንጂ!"

ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ መኪናዬ ሄድኩ። እኔ ክርክር ጥዬ ሄጄ አላውቅም።

ያም ሆኖ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ገጹን ሞላሁ፤ አትላንታ ውስጥ ሰባቱንም የያዘ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ። የተከረከመውን ወረቀት አልነቀልኩትም፣ ከቴምብሩ ጀርባ እንዳለ አለ። ለጨረታ ቤቱ በራሴ እንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ልጆቼ አንዲት ቃል አላረሙም፣ የወዳጄ የጨረታ አካውንት ተዘጋ። ለእሱ ያዋስኩትን ማጉያ መነጽርም አስመለስኩ። ዕቃ የሰጠ ሰው በዕቃው ላይ አይጫረትም የሚል ደንብም ለሰበካ ጉባኤው አቅርቤ አስጸደቅኩ። ዘንድሮ ዣንጥላዬን ሰጥቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በርካሽ ሄደ፤ እጄን አላነሳሁም።