ከመቶው አሥራ አምስቱን ማን በላው?

ድምፄ ትንሽ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህሩ ስም ሲጠሩ «አቤት» እላለሁ፤ አይሰሙኝም። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ቀሪ ተብዬ እመዘገባለሁ። ቀና ብዬ «ኧረ አለሁ» ከማለት ቀሪ መሆን ይቀለኝ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ሳቆም፣ በመዝገቡ ከሄድን፣ ትምህርት ቤቱን አልፎ አልፎ ብቅ እያልኩ የጎበኘሁት ነው የሚመስለው።

ከገጠር፣ ከደካ መጥቼ ቦንጋ ገበያ ሳምቡሳና ሻይ መሸጥ ስጀምርም ያው ነኝ። ሳምቡሳ ሻጭ «ትኩስ! ትኩስ!» ብላ መጣራት አለባት። እኔ አቀርቅሬ መሬት መሬቱን አያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የትም ብቀመጥ «ተነሺ፣ የሰው ቦታ ነው» ይሉኛል፣ እነሣለሁ። አንድ ቀን ምድጃዬን ይዤ ስዞር ቅቤ የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ጠሩኝ። «ነይ ከጎኔ ተቀመጪ። አንቺ ባትጣሪም ዘይትሽ ሲንጫጫ ሰው ይሰማል» አሉኝ። እትዬ እላቸዋለሁ። ቦንጋ ውስጥ የኔ የምለው ነገር ቢኖር ያቺ ቦታ ናት።

በተራችን አራት ነን። እትዬ፣ እኔ፣ አንዲት ጎመን ሻጭና ከመሀል አገር ከነጋዴ ባሏ ጋር የመጣች በርበሬ ሻጭ። ጣራ የለንም። እኛ ጋ ዝናብ ክረምት ይግባ ብሎ አይጠብቅም፤ በጠራራ ፀሐይ መጥቶ በአንድ ጊዜ ይወርድብናል። ላስቲክ እንወጥራለን። ላስቲኩ ውሃውን ሆዱ ውስጥ ያጠራቅምና ነፋስ ሲነካው ሁሉንም በርበሬው ላይ ይዘረግፈዋል። በርበሬ ሻጯ ያኔ የምትለውን እዚህ መጻፍ አልችልም። ስለዚህ ምኞታችን ቆርቆሮ ነበር። አናጢ አምጥተን አስለክተናል፤ ዋጋውንም ነግሮናል። ዋጋውን ከሰማን በኋላ ነው በየወሩ አዋጥተን ሎተሪ መግዛት የጀመርነው።

ቁጥሩን የሚመርጡት እትዬ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው። ያልደረሰን ሎተሪ አይጣልም። «ያለፈውን ዕድል የጣለ የሚመጣውን ያስቀይማል» ይላሉ። አጣጥፈው የቅቤ ማስቀመጫ በነበረ አሮጌ ቅል ውስጥ ይከቱታል። ቅሉ እየሞላ ሄደ፤ ዕድላችንም ሳትቀየም፣ ሳትመጣም ኖረች።

ከዚያ ደረሰን። ትልቁ ዕጣ አይደለም፤ ግን ቆርቆሮውን፣ እንጨቱንና አናጢውን አጥግቦ ትንሽ የሚያስተርፍ ነበር። እትዬ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ በርበሬ ሻጯ ዘልላ በእጇ ከደነችባቸው።

«እትዬ! ዘመድ ይሰማል!»

«ሺሺንዳ ያሉት ዘመዶቼ ናቸው እዚያ ድረስ የሚሰሙት?»

«እርስዎ እልል ካሉ ይሰማሉ!»

ጅማ ሎተሪ ቢሮ ሄዶ ማን ይቀበል ሲባል ሁሉም እኔን አዩኝ። የባንክ ደብተርና መታወቂያ ያለኝ እኔ ነኝ። በዚያ ላይ እትዬ፣ «ይህቺ ልጅ በመንገድ ለማንም አትናገርም፤ ብትናገርም ማንም አይሰማትም» አሉ። እንደ ሙገሳ ወሰድኩት።

ጅማ የከፈለኝ ሰውዬ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት የሆነ ነገር ተናገረ። ከመቶው አሥራ አምስቱ ለግብር ተቆርጧል ማለቱን ሰምቻለሁ። «ገባሽ?» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅሁ። እኔ ሲገባኝም ሳይገባኝም ነው የምነቀንቀው። ደረሰኙን ይዤ ወጣሁ። መናኸሪያው አጠገብ ደግሞ ከራሴ ገንዘብ የላስቲክ ጫማ ገዛሁ። ይህ ጫማ ኋላ ምን እንደሚያመጣብኝ ባውቅ በባዶ እግሬ እገባ ነበር።

ቦንጋ ተመልሼ ገንዘቡን ሰጠኋቸው። ከመቶው አሥራ አምስት መንግሥት ቆርጧል አልኩ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ሁለቱ ድምፄ ስላልተሰማ ነው። ሦስተኛው ግን ተሰምቶ ነው። ደረሰኙን አሳየሁ። እትዬ ገልብጠው አዩትና «ወረቀት ማን ያጣል» ብለው መለሱልኝ።

አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«መንገድ ላይ ምን በላሽ?» አለችኝ በርበሬ ሻጯ።

«ዳቦ።»

«ውድ ዳቦ ነው።»

ጎመን ሻጯ ጫማዬን ብቻ ታያለች። ጎመን ስታስር ታያለች፣ ጎመን ስትሸጥ ታያለች። እግሬን ከቀሚሴ ሥር ብደብቀው «ምን ደበቅሽ?» የሚል ይመስላል ዓይኗ። እትዬ ደግሞ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«እስቲ ንገሪኝ፤ ሎተሪውን ስንገዛ መንግሥት ስንት አዋጣ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ካላዋጣ በምን ሒሳብ ይካፈላል? ዕድር እንኳ ያላዋጣውን አይቀብርም።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ጥያቄው ትክክል መስሎኝ ነበር። የፈራሁት ግን መንግሥትን አይደለም። እትዬ ከጎናቸው ቢያነሡኝ የት እሄዳለሁ? ሌላ ሰው ጋ ሄጄ «ቦታ ስጡኝ» ማለት ለኔ ተራራ መውጣት ነው። ሌባ የተባለች ደግሞ ብትጮህ እንኳ ማንም አያስጠጋት።

መላውን ያመጣችው በርበሬ ሻጯ ናት። የባሏ ሱቅ አንድ ዓመት ከስሮ ገቢዎች ቢሮ ሄዶ ሲያስረዳ ኪሳራው ታስቦለታል። «እኛስ?» አለች። «አንድ ጊዜ ብናተርፍ ስንት ጊዜ ከስረናል! ትርፉን ካወቀ ኪሳራውንም ይወቅ። የተቆረጠውን ይመልሳል።» ቀጥላ እኔን አየችኝ። «በእውነት ተቆርጦ ከሆነ።»

እትዬ ቅሉን አነሡ።

ገቢዎች ቢሮ የደረስነው ነጋዴዎች ደረሰኛቸውን ታቅፈው በተሰለፉበት ሰዓት ነበር። ሰልፉ ማንም ሳይነግረው ተከፈለልን፤ የቅሉ ሽታ መንገድ ጠርጎልናል። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ሠራተኛ ነው። ሸሚዙ ነጭ፣ አነጋገሩ ትሑት።

«ምን ልታዘዝ?»

«ኪሳራ ልናስመዘግብ ነው» አለች በርበሬ ሻጯ።

«የምን ንግድ ነው?»

«የሎተሪ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እትዬ ጊዜ አላጠፉም፤ ቅሉን ጠረጴዛው ላይ ደፉት። ሎተሪዎቹ በቅቤ ተጣብቀው እንደ ቂጣ አንድ ላይ ዱብ አሉ። ልጁ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የከሰርንበት ነው፣ ልጄ። ቁጠረው።»

ሳቁን ዋጠው። ጨዋ ልጅ ነው። ቀጥሎ ግን የቢሮ ቋንቋውን አወጣ። «በዕድል ጨዋታ የተገኘ ገቢ ላይ ግብሩ ክፍያው ሲፈጸም እዚያው ዊዝሆልድ ይደረጋል። ፋይናል ታክስ ነው። ኪሳራ አይካካስበትም፣ ሪፈንድም የለውም» አለ።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። አማርኛ ይችላሉ፤ ይህን አማርኛ ግን አይችሉም። «ምን አለ?»

«አይሆንም አለ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ይህን ሁሉ ተናግሮ አይሆንም ብቻ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«እንዲያ ነዋ!» ብለው ወደ ልጁ ተመለሱ። «ሲደርሰን ዘመድ፣ ሲያልፈን ባዳ!»

ከሰልፉ ውስጥ ሳቅ ተነሣ። አንድ ነጋዴ «ይጨምሩለት እማማ!» አለ። ልጁ ጆሮው ቀልቶ ነገሩን ለመቁረጥ ፈለገ መሰለኝ፣ «ለመሆኑ ዕጣው በማን ስም ነው የተከፈለው?» ሲል ጠየቀ። ሦስት ጣት ወደ እኔ ተቀሰረ።

«በቃ፣ በእሷ ስም ከሆነ ገንዘቡ የእሷ ነው። እናንተን ምን አገባችሁ?»

እትዬ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። «የእሷ ነው?» አሉ። ጎመን ሻጯ ጫማዬን አየች።

«የእኔ አይደለም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከኋላዬ ያለች ሴት የጮኸች መስሎኝ ልዞር ነበር። እኔ ነኝ። ጉሮሮዬ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ አልዘጋ አለኝ።

«ገንዘቡ የአራታችን ነው! ጣራ ልንሠራበት ነው! እነዚህ ሰዎች ሌባ ናት እያሉኝ ነው፣ እርስዎ ደግሞ ዊዝ ምናምን ይላሉ! ደረሰኙ ይኸው! ከመቶው አሥራ አምስቱን የበላሁት እኔ ነኝ ወይስ እናንተ? በሚገባቸው አማርኛ ይንገሩልኝ!»

አንድ ነጋዴ ደንግጦ ደረሰኞቹን መሬት ላይ በተናቸው። ልጁ ወረቀቴን ተቀብሎ አነበበ፤ ግራና ቀኝ ተመለከተ።

«እኛ ነን» አለ ቀስ ብሎ።

«አልተሰማም!» አለ ከሰልፉ መጨረሻ አንዱ።

«እኛ ነን የበላነው! ማለት... መንግሥት ነው የወሰደው። ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት...»

ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አልሰማውም፤ ቤቱ በሳቅ ፈርሷል። በዚህ መሀል የውስጠኛው ክፍል በር ተከፈተና መነጽር ያደረጉ አለቃ ብቅ አሉ።

«ማን ነው ምን በላሁ ያለው?»

«ሎተሪ ነው ጌታዬ» አለ ልጁ ከመቀመጫው ተነሥቶ።

«ሎተሪ በላህ?»

«አልበላሁም! ማለቴ... ግብሩን ነው።»

«ግብሩን በላህ?!»

እትዬ ለልጁ አዘኑለት መሰለኝ፣ አለቃውን በእጃቸው ከለከሏቸው። «ተዉት፣ የበላ ካመነ አይመታም» አሉ። ቀጥለው ጉንጬን ያዝ አድርገው በከፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር አጉተመተሙ። ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ ይህን ሁሉ ድምፅ የት ደብቀሽው ነው ሳምቡሳ ሳይሸጥ የሚያድረው፣ እንደ ማለት ነው። በርበሬ ሻጯ ይቅርታ አላለችኝም፤ «ዳቦው ርካሽ ነበር ማለት ነው» ብቻ አለች። ለእሷ ያ ብዙ ነው።

አለቃው ነገሩ ሲገባቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቁን፦

«እግረ መንገዳችሁን፣ እናንተ ንግድ ፈቃድ አላችሁ?»

ሎተሪዎቹ እንዴት ተመልሰው ቅሉ ውስጥ እንደገቡ አላየሁም። «ደህና ዋሉ፣ ጌታዬ» ስንል ግን በሩ ላይ ነበርን። ጎመን ሻጯ ከሁላችን ቀድማለች።

ጣራው ተሠራ። ገንዘቡ ግን ከመቶው አሥራ አምስት ጎድሏልና ቆርቆሮውም የተራው ጫፍ ሳይደርስ አለቀ። ክፍቱ የቀረው የመጨረሻ መጤ የሆንኩት የእኔ ቦታ ነው። ላስቲኬን ልወጥር ስነሣ እትዬ የቅቤ ዕቃቸውን በክርናቸው ገፋ አድርገው ምድጃዬን ወደ መሀል ጎተቱት።

«ያንን ተይው፤ እሱ የመንግሥት ድርሻ ነው። ክፍት ይሁን፣ ይዝነብበት።»

እስካሁን ስሙ ያው ነው። ገበያተኛው እንኳ «ከመንግሥት ድርሻ አጠገብ ያለችው ሳምቡሳ» ብሎ ይጠቁማል። ድምፄ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ አሁንም «ትኩስ» ብዬ አልጣራም። ለእኔ የሚጣሩልኝ እትዬ ናቸው፤ አማርኛቸው ላይ ካፊኖኖ ጨምረው፣ ቅቤያቸውን ረስተው።

ባለፈው ሳምንት ያ የገቢዎች ልጅ መጣ። ሻይና ሳምቡሳ አዘዘ። ብርጭቆውን ስሰጠው ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወረደ። እሱ የቆመው ክፍቱ ላይ ነበርና ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል እትዬ መንገዱን ዘጉበት።

«ወዴት? የእናንተ እዚያ ነው።»

«እማማ፣ በሰበስኩ እኮ!»

«እትዬ፣ ያስገቧቸው፣ ያሳዝናሉ» አልኩ እኔ። ደንበኛዬ ነው፤ በዚያ ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

እትዬ አሰብ አደረጉና ትንሽ ጠጋ አሉለት። «እሺ፣ ከመቶው አሥራ አምስትህን ብቻ አስገባ።»

ልጁ ጥቂት ካሰበ በኋላ ጭንቅላቱንና የሻይ ብርጭቆውን አስገባ።