ሁለት ስለት በአንድ ቤት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት አዲስ የከፋይ መጋረጃ ታቅፋ ወደ ፊት ወጣች። እዚህ ሰመራ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ከቆርቆሮው ጣሪያ ይወርዳል፤ ነጠላዬ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ሴትዮዋ አጠገቤ ስታልፍ ገና ከላስቲኩ የወጣ ጨርቅ ሽታ ሸተተኝ። በድምፅ ማጉያው «ስለቷ ሰምሮላት» ሲባል ሁላችንም እልል አልን። እኔም እልል አልኩ። ግን ስለት ሲነገር በሰማሁ ቁጥር እንደማደርገው፣ በልቤ አንድ ነገር ጠየቅሁ፤ እሷ የለመነችውን ተቃራኒ የለመነ ሰው ይኖር ይሆን?

ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣብኝ ልንገራችሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩበት ዓመት ነው። ቤታችን ከቆሰበር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ግምጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከመወፈሩ የተነሣ የጋሪ ፈረሶቹ ቃጭል ይሰማናል እንጂ ጋሪው አይታይም። አባቴ ገበሬ ነው፤ ከእኔ ትንሽ አሳንሶ የሚወደው ፈረስ ነበረው። እናቴ ከጎረቤት ጋር በአማርኛ፣ ከእመቤታችን ጋር ደግሞ በአገውኛ ነበር የምታወራው። ማድቤት ውስጥ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ አገውኛ ሲሆን፣ እንዳላቋርጣት ከበሩ እመለስ ነበር።

በዚያ ዓመት በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀባይነት አገኘሁ። አንደኛው አዲስ አበባ ያለው፣ በልዩ ፈተና ካልሆነ የማይገባበት፣ ከተገባም መቆየቱ የሚያስቸግር የሚባለው ነው። ሁለተኛው የከተማችን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ መብራቱን ከደጃችን ሆኜ አየዋለሁ። ጓደኞቼ በሙሉ እዚያ ተመድበዋል። ከመምህራኑ አንዱ ሰፈራችን ተከራይቶ ይኖር ስለነበር ገና ሳልገባ በስሜ ይጠራኛል። እሑድ እሑድ የእናቴን ቤት መርገጥ እችላለሁ። ምን ጎደለው? ምንም።

ግን የአዲስ አበባው አላስቀመጠኝም። ከእኔ በፊት እዚያ የገባች የጎረቤት ልጅ ነበረች። ለእረፍት ስትመጣ ቤቷ ድረስ ሄጄ እንደ መርማሪ ያዝኳት።

«ምግቡስ?»

«እሱን ተዪው።»

«ትምህርቱስ?»

«እዚህ አንደኛ ነበርሽ አይደል? እዚያ ሁሉም አንደኛ የነበረ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሽንት ቤት ገብቼ ነበር የማለቅሰው።»

«ታዲያ ለምን ተመልሰሽ ትሄጃለሽ?»

ፈገግ አለች። «ሲገባሽ እኮ…» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው እናቷ ጠራቻት። ያ ያልተጨረሰ ነገር ለሳምንታት ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሲገባኝ ምን?

ምርጫዬን ሳልወስን ኅዳር ጽዮን ደረሰች። በደብራችን ታቦት ከወጣ በኋላ ስለት የሚያስገባ ሁሉ ተራ በተራ ይቀርባል። እናቴ ዘርፉ ወርቃማ የሆነ ቀይ ጃንጥላ ይዛ ስትወጣ ባየሁ ጊዜ ደነገጥሁ፤ መሳሏንም አላውቅም ነበር፤ ለካ እዚህ መመደቤን የስለቷ መልስ አድርጋ ቆጥራዋለች። ማይክ ለያዘው ዲያቆን በጆሮው አንሾካሾከችለት። እሷ የመሰላት «ስለቷ ሰምሮላት» ብሎ የሚያልፍ ነው። እሱ ግን በአገውኛ የነገረችውን አንድም ሳይቀንስ በአማርኛ ለሕዝቡ አሰማው። «እኚህ እናት፣ ልጄ አዲስ አበባ ሳትሄድ፣ ከእጄ ሳትርቅ እዚሁ እንድትማርልኝ ብለው የተሳሉት ተሰምቶላቸዋል!»

እልልታው ቀለጠ። በወንዶቹ በኩል አባቴ አንገቱን አዙሮ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። እልል ያላለ እሱ ብቻ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ፈረሱን እየሳበ ቀድሞን ሄደ። ኋላ ግን አልቻለም።

«አንቺ ሴት፣ ምን ነበር የተባለው?»

«እኔ ለዲያቆኑ ነው የነገርኩት እንጂ ለአገር ነው?»

«እኔ እኮ ለጊዮርጊስ ምንጣፍ ተስያለሁ! ልጄ የአዲስ አበባውን አልፋ ትግባ ብዬ!»

እናቴ ቆመች። «መቼ?»

«የተፈተነች ዕለት።»

«እኔ ለእመቤታችን ከዚያ በፊት ነግሬያታለሁ።»

«ወፍጮ ቤት ነው እንዴ፣ ቀድሞ የመጣ የሚፈጭበት?»

ሳቄ መጣ፤ ነገር ግን የእናቴን ፊት አይቼ ዋጥኩት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ብሄድ፣ በታቦት ፊት ያልተሰጣትን ተሰጠኝ ብላ አመስግናለች ማለት ነው። ብቀር ደግሞ አባቴ ምንጣፉን ይዞ ምን ብሎ ይቀርባል? እኔ ፈተናውን ያለፍኩት፣ እዚህም የተመደብኩት በገዛ ውጤቴ መስሎኝ ነበር። ለካ ሁለት ሰዎች ሳይነግሩኝ በሁለት በኩል ሲጎትቱኝ ከርመዋል።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። የጓሯቸውን የቀርከሃ አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው።

«አባ፣ ስለትና ስለት ይጋጫል እንዴ?»

«ይህችን ጫፍ ያዢልኝ እስቲ» አሉኝ። አዲስ የተሰነጠቀው ቀርከሃ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ማሰሪያውን ጠበቅ አደረጉና፣ «ጃንጥላው ገብቷል፤ አይመለስም። ምንጣፉም ይገባል። እነሱ የልባቸውን ተናግረዋል፤ ጨርሰዋል። አንቺ ምን ብለሽ ተሳልሽ?» አሉኝ።

«እኔ? ምንም።»

«መንደሩን ሁሉ ስትጠይቂ ከርመሽ?»

«ፈርቼ ነው፣ አባ።»

«እግዜር አይሰማኝም ብለሽ?»

«አይ፤ ይሰማኛል ብዬ።»

አጥሩ እስኪነቃነቅ ሳቁ። «እንዲያማ ከሆነ እኔን ምን ታደክሚኛለሽ! በይ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ።»

ከግቢያቸው ስወጣ እንደምሄድ አውቄዋለሁ። የሚመቸኝ የት እንደሆነ ድሮም አልጠፋኝም ነበር። የማላውቀው፣ ሁሉም አንደኛ በሆነበት ክፍል እኔ ማን እንደምሆን ነው። ያንን ሳላውቅ መኖር አልቻልኩም።

ለእናቴ ስነግራት ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። እጇ አላቆመም። «የሰው አፍ አይደለም የሚያስፈራኝ» አለችኝ፤ «እመቤታችን ምን ትለኛለች?» ከዚያ በኋላ በሶ ስትፈጭልኝ፣ ብርድ ልብስ ስትሰፋልኝ፣ ያን ዝቅ ያለ አገውኛዋን አልሰማሁም። ማድቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር የከረመው።

የምሄድ ዕለት መናኸሪያው በጉም ተሸፍኖ፣ የናፍጣ ሽታና የረዳቶች ጩኸት ብቻ ነበር። እናቴ በአውቶቡሱ መስኮት እጄን ያዘች። እጇ በረዶ ነበር።

«ደግሜ ተሳልኩ» አለችኝ።

«ለእመቤታችን?»

«እሷንማ በየት ዐይኔ አያታለሁ! ለጊዮርጊስ ነው።»

አባቴ ከኋላዋ፣ «ወደ እኔ ወገን ዞረሻላ!» አለ።

«አንተ ዝም በል።»

«ምን ብለሽ ነው፣ እማ?»

«ስለት አይነገርም። ካሁን በኋላማ ለዲያቆንም አልናገር።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፤ ጉሙ ሁለቱንም ወዲያው ዋጣቸው።

እንደተባለው ከባድ ነበር፤ አለቀስኩም። ግን አንድ ቀን፣ ለሳምንት የታገልኩት ስሌት ሲፈታልኝ፣ ያች የጎረቤት ልጅ ያልጨረሰችው ነገር ገባኝ። ከተመረቅሁ በኋላ ሥራው ከአንዱ በረሃ ወደ ሌላው እየወሰደ ውኃ ሲያስቆፍረኝ ዓመታት ሄዱ። ለእረፍት ወደ ቤት እሄዳለሁ፤ እናቴ «ልፍታልሽ?» የምትለኝን ሻንጣ ሳልፈታው እመለሳለሁ።

በየዓመቱ አገራችን በፈረስ ግልቢያ ለሚያከብረው የጊዮርጊስ በዓል እደውላለሁ። ከስልኩ ውስጥ የፈረሶች ኮቴና የሰው ሆታ ይሰማል። «እማ፣ የጊዮርጊሱ ስለትሽ እንዴት ሆነ?» እላታለሁ።

«ገና ነው» ትለኛለች፤ ቶሎ ብላም፣ «ሙቀቱ እንዴት ነው? ትበያለሽ?» ትላለች።

አባቴ ምንጣፉን ካስገባ ቆየ፤ መሀሉ ሳስቷል አሉ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ለጊዮርጊስ ምንም ይዛ አልሄደችም።