አዞዋ አፏን ስትከፍት

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ክረምት ነው፤ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ የማሽላው አረም በተጋመሰበት ሰሞን። በሰው ፊት እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ጆሮዬን ይሞቀኛል። ነገሩ በእፍረት ብቻ ያለቀ ቢሆን ኖሮ ግን ለሰው አላወራውም ነበር፤ ደብቄው እኖር ነበር።

ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከጎንደር በኩል እግራቸው እንዳመጣቸው የመጡ ናቸው፤ እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው። ካርቱም ሄጄ ኮምፒውተር ተማርኩ፣ እዚያው ሥራ ያዝኩ። ጦርነቱ ሲመጣ አንድ ሻንጣና አንድ ላፕቶፕ ይዤ ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሥራ ፈትቼ ቁጭ አልኩ። ጠዋት ስነሳ የምሄድበት የለም፣ ማታም ደክሞኝ አልተኛም። እልኸኛ ሴት ሥራ ስትፈታ ምን እንደምትሆን የደረሰባት ታውቀዋለች።

በዚህ መሀል ኡስታዝ ሙንዚር ደወለ። ካርቱም ሳለሁ የማውቀው የፊልም ሰው ነው። ስለ ቆላው ወንዝ እንስሳት በዐረብኛ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሠርቶ እየጨረሰ ነበር፤ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚሄድ የስልክ አፕ ፈለገ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ቴሌቪዥኑን እያየ ስልኩን በእጁ ይይዛል። ስልኩ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እየሰማ ፕሮግራሙ የቱ ጋ እንደደረሰ ያውቃል፤ ጉማሬ ሲመጣ ስለ ጉማሬ፣ አዞ ስትመጣ ስለ አዞ ይነግረዋል። አማርኛው የተጨመረው በእኔ ጭቅጭቅ ነው። ድንበር ተሻግሮ ለአረም የሚመጣው ወገኔ ዐረብኛ አይሰማም፤ ለእሱም ይሁን ብዬ ድርቅ አልኩ።

ኡስታዝ እሽ አለ፤ ግን ነገሩን በግልጽ ነገረኝ። አፑ እውነተኛ ተመልካች ፊት ይሞከራል። ካልሠራ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ብቻውን ይተላለፋል። ያ ማለት እኔም ተመልሼ ቁጭ ማለቴ ነው።

ተመልካች የት እንደማገኝ አልጠፋኝም። እትየ ሙሉ የሚባሉ ሴት ከገበያው ጀርባ ራኩባ አላቸው፤ በአጣናና በሣር የተሠራ ሰፊ ዳስ ነው። ሻሂ ይሸጣሉ፣ በሶላር የሚሠራ ቴሌቪዥንም አላቸው። ዓርብ ቀን አራሚው ከየእርሻው ካምፕ ወጥቶ እዚያ ይሞላል። አብዛኛው ከመተማና ከጎንደር ቆላ የመጣ ነው።

ዐረብኛ ሳይሰሙ እንዴት ያያሉ ብትሉ፣ አያ ደምሌ አሉ። አያ ደምሌ በእህል ገበያው ጆንያ ሰፊ ናቸው። ለሰሊጥ አጨዳ በወጣትነታቸው መጥተው በዚያው ቀሩ። ዓርብ ዓርብ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ይቀመጡና፣ የማሽላ አገዳ ይዘው እየጠቆሙ፣ የሚታየውን ሁሉ በአማርኛ ይናገራሉ። ዜናም ይሁን ኳስ፣ ድራማም ይሁን እንስሳ። ከፍለው ያስቀመጧቸው እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያው ሰው ሳይገባው ሲያይ አንጀታቸው ስለማይችል ነው።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ አልወደድኳቸውም ነበር። ለሙከራው ቦታውን ለማየት በሄድኩበት ዓርብ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቆሞ በቴሌቪዥኑ ይታይ ነበር። ዐረብኛው ስለ ወፉ ክንፍ ርዝመት ያወራል። አያ ደምሌ ደግሞ፣ «ይኸኛው ደላላ ነው። ሌላው ሲያድን ቆሞ ያያል፤ ሲበላ ግን ይቀድማል» አሉ። ራኩባው በሳቅ ተናጋ። እኔ ሳላረጋግጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር የማልጽፍ ሰው፣ እኒህ ሰውዬ እያሾፉ ሕዝብ ያሳስታሉ ብዬ ተናደድኩ።

ከዚያ የባሰው የመጣው በተከታዩ ዓርብ ሙከራውን ልጀምር ስል ነው። ከዘመድ አዝማድ ስድስት ስልክ ለምኜ አሰባስቤአለሁ፤ ማንበብ ለሚችሉ ስድስት ሰዎች ሰጥቻለሁ። ኡስታዝ ከፖርት ሱዳን በቪዲዮ ላፕቶፔ ላይ አለ፣ ተመልካቹን ያያል። ፕሮግራሙን በፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። ወዲያው አያ ደምሌ መናገር ጀመሩ፤ ስድስቱም ስልክ ግራ ገባው። የሚሰማው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ሳይሆን የእሳቸውን ነው። ጉማሬው ወንዝ ውስጥ ተኝቷል፣ ስልኮቹ ባዶ ናቸው።

ኡስታዝ፣ «ምን ሆነ?» አለኝ።

ፕሮግራሙን አቆምኩና እትየ ሙሉን፣ «እባክዎ፣ ለዛሬ ሰውዬው ዝም ይበሉልኝ። ሥራዬን እያበላሹብኝ ነው» አልኳቸው። ቀስ ብዬ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሰማ። አያ ደምሌ ግን አልተቆጡም። «እሽ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አሉና አገዳቸውን ይዘው ሄደው ከኋላ ተቀመጡ። እትየ ሙሉ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። ‹ራኩባዬን የሚሞሉት እኮ እሳቸው ናቸው› የሚል አስተያየት ነበር፤ ያኔ አልገባኝም።

ከእንደገና ጀመርን። አፑ ያለ አንዳች ስህተት ሠራ። ጉማሬው ሲመጣ ስለ ጉማሬው፣ ዓሣው ሲዘል ስለ ዓሣው፣ እኔ ሌት ተቀን ደክሜ የጻፍኩት አማርኛ በስድስቱም ስልክ ላይ ወጣ። ልቤ ሞላ። ሠራሽ አልኩ ለራሴ።

ከዚያ አዞዋ መጣች።

የፕሮግራሙ ትልቁ ቦታ ይህ ነው። እናቲቱ አዞ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ትጠብቃለች። ጫጩቶቹ ሊፈለፈሉ ሲሉ ከውስጥ ይጮኻሉ፤ እሷ ሰምታ አሸዋውን ትቆፍርና በአፏ ይዛቸው ወደ ውኃ ትወስዳለች። ስልክ ላይ ይህን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ግን አዞዋ አፏን በከፈተች ሰዓት፣ ስልክ የያዙት ስድስቱም ሰዎች አቀርቅረው እያነበቡ ነበር። ቀና ሲሉ ነገሩ አልፏል። «አለፈ እንዴ?» አለ አንዱ።

ስልክ ያልያዙት ሠላሳ የሚሆኑት ደግሞ ሁሉንም አዩ። ያዩት ግን አንዲት እናት ልጆቿን አፏ ውስጥ ስትከት ነው። ከፊት የተቀመጠ፣ ጺሙ ገና ሽበት የጀመረው ሰውዬ ከወንበሩ ተነሣ። «ልጆቿን በላቻቸው እኮ። እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ነው ከካምፕ የመጣነው?» ብሎ ወጣ። ሁለት ሦስት ሰው ተከተለው። የቀሩትም ፊታቸው ጠቆረ፤ ተከታዩን ክፍል ማንም በደስታ አላየውም።

ኡስታዝ ደግ ሰው ነው፤ ሰው ፊት አልተናገረኝም። ሲያልቅ፣ «ያየሁትን አይተሻል። የሚመጣው ዓርብ አንድ ጊዜ እንሞክረዋለን። እንዲሁ ከሆነ ስልኩን እንተወዋለን፣ መዓሌሽ፣ አይዞሽ» አለኝ። መስመሩ ተቋረጠ።

ሰው ተበትኖ ሲያልቅ ስልኮቹን እየለቀምኩ ዕንባዬ መጣ። አያ ደምሌ አሁንም ከኋላ እንደተቀመጡ ነው። አጠገባቸው ስደርስ፣ «ነይ እስቲ፣ አረፍ በይ» አሉኝ። ይወቅሱኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ያች አዞ በላቻቸው ወይስ አልበላቻቸውም?» አሉ።

«አልበላቻቸውም። ወደ ውኃ እየወሰደቻቸው ነው።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። እንግዲያ ምነው አፏን ሳትከፍት አልነገርሻቸው?»

ጽፌአለሁ አልኳቸው፤ ልክ አፏን ስትከፍት ነው የሚወጣው። አያ ደምሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ እንስሳው ሥራውን ሲሠራ አልናገርም፣ ልጄ። ሰው ዓይኑም ጆሮውም አንድ ጊዜ አይሠራለትም። ሊሠራ ሲል፣ ‹አሁን እንዲህ ያደርጋል፣ እዩት› እላለሁ። ከዚያ አፌን እዘጋለሁ። ሲጨርስ ደግሞ እቀልዳለሁ። ደላላው ወፍ ሲበላ ተናግሬአለሁ? ቆሞ ሳለ ነው የተናገርኩት።»

ካርቱም ይህን ያስተማረኝ ሰው አልነበረም።

ከማግስቱ ጀምሮ አንድ ሳምንት ሙሉ ያ ያረጀ ላፕቶፕ እስኪግል ሠራሁ። ጽሑፉን በሙሉ አወጣሁት። በምትኩ የአያ ደምሌን ድምፅ በአጭር በአጭሩ ቀዳሁ፤ ከጆንያ ስፌት መልስ፣ ከሰዓት በኋላ እየመጡ። መጀመሪያ ግድግዳ ላይ አፍጥጠው፣ «ለማን ነው የምናገረው?» ብለው እምቢ አሉ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ፊልሙን እንዳላየ ሰው ሆኜ ማድመጥ ነበረብኝ። ስለ እንስሳቱ የተሳሳተ ነገር ሲሉ አርማቸዋለሁ፤ ንግግሬ ሲረዝም ደግሞ እሳቸው ያርሙኛል። ስልኩንም አንድ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ሰምቶ ከዚያ ሰዓቱን በራሱ እንዲቆጥር አደረግሁት፤ ሰው ቢናገር ቢስቅ አይጠፋበትም። እንስሳው ሥራ ሲጀምር ደግሞ የስልኩ መብራት ይጠፋል።

ዓርብ ደረሰ። ራኩባው ሞላ። እትየ ሙሉ ያንን ተነሥቶ የወጣውን ሰውዬ ከመንገድ ላይ ጠርተው አስገብተውታል፤ እያጉረመረመ ከዳር ተቀመጠ። ኡስታዝ ላፕቶፑ ላይ አለ። አያ ደምሌ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተመልካች ከሰው መሀል ተቀምጠዋል።

ድምፃቸው ከስድስቱም ስልክ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ሰው ዘወር ዘወር እያለ እሳቸውን ማየት ጀመረ። እሳቸው አፋቸውን ገጥመው ቁጭ ብለዋል። ሳቁ ሌላ ነበር። ማንም ግን አላቀረቀረም፤ ዓይን ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው።

እኔ ግን ያላደረስኩት ይቅርታ ነበረብኝ። አዞዋ አሸዋው ላይ ስትታይ አልቻልኩም፤ ተነሥቼ ቆምኩ። «ባለፈው ሳምንት አያ ደምሌን ሰው ፊት ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ደግሞ እሳቸው ናቸው። ሰው ፊት ስላጠፋሁ ሰው ፊት ይቅርታ—»

አያ ደምሌ ቀሚሴን ጎተት አደረጉ። «ተቀመጭ፣ ልጄ። አፏን ልትከፍት ነው።»

ተቀመጥኩ። ከስልኮቹ ድምፃቸው መጣ፦ «አሁን አፏን ትከፍታለች። እንዳትፈርዱባት። ዝም ብላችሁ እዩ።» የስልኮቹ መብራት ጠፋ። ራኩባው ውስጥ ማንም ዓይኑን አልነቀለም። አዞዋ ጫጩቶቿን አንድ በአንድ አፏ ውስጥ አደረገች፣ እየተጎተተች ወደ ወንዙ ወረደች፣ ውኃው ውስጥ አፏን ከፈተች። እየተንጫጩ ወጡ። ከዚያ ድምፁ ተመለሰ፦ «ይኸውላችሁ። እጅ የላትም፤ በምን ታዝላቸው?»

ያ ሰውዬ ከዳር ሆኖ፣ «ወይ ጉድ። ሳምንቱን ሙሉ በከንቱ ረገምኳት» አለ። የሳቀ የለም። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ኡስታዝ ሙንዚር አማርኛ አይሰማም። ግን የተመልካቹን ፊት አይቷል። «ኻላስ፣ በቃ» አለኝ፣ «አፑ ይግባ። የአያ ደምሌም ስም ከሠሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ ይጻፍ።» እኔ ማልቀሴን አልደበቅሁም።

ሰው መውጣት ሲጀምር ያ ሰውዬ ወደ እኔ መጣ። አፍሮ ነው የመጣው። ከመተማ ወዲያ ሁለት ልጆች አሉት፤ ለአረም ከወጣ ጊዜ ጀምሮ አላያቸውም። ዛሬ መስመር አለና ልደውል፣ ያችን ቦታ መልሰሽ አሰሚልኝ አለኝ። የእሱን ባለ ቁልፍ ስልክና የእኔን ስልክ አፍ ለአፍ ገጥመን ያዝናቸው። የአያ ደምሌ ድምፅ ድንበሩን ተሻገረ። አፏን ስትከፍት ዝም ያልንበትን ያህል ዝም አልን። ከወዲያ በኩል አንዲት ትንሽ ልጅ፣ «ከዚያስ አባዬ? ዋጠቻቸው?» አለች።

«አልዋጠቻቸውም» አላት። «ስሚ፣ አሁን ታወጣቸዋለች።»

ፕሮግራሙ ተላለፈ፤ አሁን ተከታዩን እየሠራን ነው። አያ ደምሌም ጆንያቸውን ሰፍተው ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ያን ቀን ሳስበው እፍረቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ቢሆንም ደስታው በልጦታል። ያች ልጅ ቴሌቪዥን የላትም፣ የእኔንም አፕ በዓይኗ አላየችው። አዞዋን ግን አይታታለች።