በጠርሙሱ ላይ የፈረምኩት

«ፊትሽ ውሸት አይችልም። ለዚህ ነው የምቀጥርሽ» አሉኝ ጋሽ ሙሉጌታ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ኦክላንድ ባለው የነዳጅ ግቢያቸው ውስጥ ቆመን። ሃይስኩል ጨርሼ አንድ ቦታ ሦስት ወር የማልሰነብት ሰው ነበርኩ። እሳቸው ለድሮ ሕንፃዎች የማሞቂያ ነዳጅ ያቀርባሉ። መንግሥት ደግሞ አቅራቢ ሁሉ ከተጠበሰበት የምግብ ዘይት የሚሠራ ታዳሽ ነዳጅ እንዲቀላቅል አስገድዷል።

የኔ ሥራ ጠርሙስ ነበር። ቦቴው ከመውጣቱ በፊት ከቫልቩ ናሙና እቀዳለሁ፣ አሽገዋለሁ፣ ሌብሉ ላይ የታዳሹን መጠን ጽፌ እፈርማለሁ። ኢንስፔክተር ሲመጣ የሚያየው ያንን ነው።

ሾፌሩ አቦይ ተኽለ ይስቁብኛል። «አንቺ ልጅ፣ የሐኪም ቤት ሽንት ነው እንዴ የምታሽጊው?»

«የእርስዎ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ሥራ እለቅ ነበር!»

አንድ ሰኞ የታዳሹ ጭነት ሳይመጣ ቀረ። ሳን ሆዜ ያለ የአረጋውያን ሕንፃ ነዳጁ ሊያልቅበት ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ታዳሽ የሌለበትን ተራውን ነዳጅ ብቻ አስጫኑና ሌብሉን አቀበሉኝ።

«እንደ ወትሮው ጻፊ።»

«ለምን ለኢንስፔክተሮቹ ኮል አድርገን ታዳሹ ዛሬ አልመጣልንም አንላቸውም?»

«ፈቃዴን እንዲነጥቁኝ? ከሰዓት ኢንስፔክተር አለብን፤ ፈርሚ።»

«ጋሼ፣ ታዳሹን እኮ አላየሁትም።»

«እኔስ የእናትሽን ደሞዝ አይቼ ነው የፈረምኩት?»

ለእናቴ አፓርታማ ዋስ ሆነው የፈረሙልን እሳቸው ናቸው። ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ፣ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው፤ ያለሳቸው ፊርማ ማንም አያከራየንም።

ጠርሙሱን ይዤ ተቀመጥኩ። በበሩ መኪና ባለፈ ቁጥር ኢንስፔክተሩ መጣ ብዬ ቀና እላለሁ። ብፈርምና ቢመረመር፣ ስሙ የኔ ነው። ባልፈርም እናቴ ዕቃዋን ይዛ የት ትገባለች?

አቦይ ተኽለ ሞተሩን አስነስተው የጭነቱን ወረቀት ሊወስዱ ገቡ። ያን ቀን አልቀለዱም። «ልጄ፣ መንገድ ላይ ቢያስቆሙኝ የማሳየው ያንቺን ጽሑፍ ነው» አሉኝ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ ከቫልቩ ሲወርድ ያላያችሁትን አትፈርሙ። ዋስም ይሁን አጎት፣ የጠየቃችሁ ሰው ማንነት ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን አይቀይረውም።

«ተራ ነዳጅ። ታዳሽ የለበትም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ወረቀቱንም እንደዚያው ጽፌ ለአቦይ ተኽለ ሰጠኋቸው። አንብበው፣ ትከሻዬን መታ አድርገው ወደ ቦቴው ሄዱ።

ጋሽ ሙሉጌታ ሌብሉን አነበቡት። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አነበቡት።

«ዋስ እንደሌላት ለእናትሽ ራስሽ ንገሪያት» አሉኝ።

«እሺ፣ ጋሼ።»

የሰጡኝን የግቢውን ቁልፍ ከጠርሙሱ አጠገብ አስቀምጬ ወጣሁ።