የአዛለች ልቃቂት

ፈትል ላይ ስትቀመጥ የላስታ ሴት ሁሉ በአዛለች ይቀናል፤ አፏን ስትከፍት ደግሞ ወንዱም ሴቱም ይሸሻል። ያን ዓመት ግን እንዝርቷን ጣለች። ባሏ ደሞዝ ፊቱ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። እግሩ ሲጫኑት ይሰረጎዳል። ሽንቱም ሥጋ የታጠበበት ውኃ መስሎ ጠብ ጠብ ብቻ ይላል።

“ኩላሊትህን ይጠብልህ!” እያለች ጸበሉን በቅል በላይ በላዩ ትግተው ጀመር። እስኪያስመልስ መጠጣት የአገሩ ወግ ነው። ደሞዝ ግን ጭራሽ አበጠ።

“ትገድዪዋለሽ!” አላት የላሊበላ ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢው ደባሱ።

“ውኃ ያጥባል እንጂ ይገድላል? ተማርኩ ብለህ ጸበል ልትከለክለኝ ነው፣ ዶክተር?”

ፋሲካ ነበርና ደባሱ የበግ ኩላሊት አምጥቶ ለሁለት ሰነጠቀው። ደም የሚያስገባውን ወፍራም ሥር በስንጥር አሳያት።

“ይሄ ወደ ውስጥ እንደ ዛፍ እየተከፈለ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። ዓይን በማያየው፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ በሚታየው ጫፉ ላይ ይጠቀለላል፤ ልክ እንዳንቺ ልቃቂት። በሰው አንድ ኩላሊት ውስጥ ሚሊዮን ያህል አለ።”

“ማን ፈተለው?”

“ፈጣሪ ነዋ! ደሙ ሲያልፍ ውኃው በክሩ ተጣርቶ ልቃቂቱን ወዳቀፈችው ኩባያ ይወርዳል። በቀጭን ቱቦ ሲጓዝ አብዛኛው ወደ ደም ይመለሳል፤ ትራፊው ሽንት ነው። የደሞዝ ልቃቂት ቆስሎ አብጧል። ውኃው መውጫ አጥቷል፤ አንቺ ትጨምሪበታለሽ!”

የተተበተበ ክር ሲጎትቱት እንደሚጠብቅ አዛለችን ማን ያስተምራታል?

ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ ክኒን የለም፤ ግድግዳው ላይ ግን የአብዮቱ መፈክር ሞልቷል። ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር እናውላለን ይላል፤ የአንድ ገበሬ ሽንት ማውረድ ያቃተው ሁሉ! ደባሱ የነበረው ምክር ብቻ ነው፦ ይረፍ፣ ጨው ይተው፣ ውኃ በጥቂቱ።

ፈራ ተባ እያለች ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ተክለ ሚካኤል ሄዳ መስቀል ተሳለመች።

“አባቴ፣ ጸበሉን ይጠመቅበት እንጂ አይጠጣው ብል ይቆጡኛል?”

“እኔ መቼ ይፈንዳ አልኩሽ፣ ልጄ? አንድ ጉንጭ ብዬ ነበር፤ ቅሉን የሞላሽው አንቺ ነሽ!”

ቀናት አለፉ። ደሞዝ ጨው አልባውን አልጫ እየተራገመ ዋለ፣ አደረ። አንድ ማለዳ ከአጥሩ ጀርባ የሚንፎለፎል ድምፅ ሰማች፤ አላቆም አለ።

“ደሜ? አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ! ዝም በይ፣ አታቋርጪኝ!”

አዛለች ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ እንዝርቷን አነሳች።