በድልድይ የሚደረስበት ደሴት

ካፒቴን የሚሉኝ እኔን ነው። እስካለፈው የጸደይ ወቅት ድረስ ግን መርከብ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በሳምቡሳ ነው። ሲያትል በገባሁ በዓመቱ አንድ ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሰው አገር ቤት ምን እሠራ እንደነበር ጠየቁኝ። የባሕር ኃይል ነበርኩ አልኳቸው። እውነቴን ነው። አዲስ አበባ፣ መምሪያው ግቢ፣ ልብስ ስፌት ክፍል ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ያለችው የስፌት መኪና የእኔ ነበረች። ለስንት መኮንን ነጭ ሱሪ እንደሰፋሁ እግዜር ይቁጠረው፤ ባሕሩን ግን ያየሁት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካላንደር ነው። ሰውዬው ወሬዬን እስክጨርስ አልጠበቁም፤ “ካፒቴን ነበሩ በሉኛ!” አሉ። አፌ ሳምቡሳ ሞልቶ ስለነበር አላረምኳቸውም። ሳምቡሳው ካለቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ እኔ ግን ሳላርም ቀረሁ።

ደግሞም ማዕረግ ይጣፍጣል፤ ለምን እዋሻለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የኤርፖርት ሻትል እየነዳሁ የሰው ሻንጣ ስሸከም እከርምና እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስገባ “ካፒቴን፣ ወዲህ ይምጡ” ተብሎ ወንበር ይለቀቅልኛል። ለልብስ ሰፊ ወንበር ሲለቀቅ አይቼ አላውቅም። እውነቱን የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ናት። “ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል” እያለች ትስቅብኛለች። የእኔስ እያደር ከበደ።

ጡረታ ከወጣን ወዲህ ባለቤቴን ጨምሮ ሰባት ሆነን፣ ጠዋት ጠዋት ሱቆቹ ሳይከፈቱ ሞል ውስጥ በእግር እንዞራለን። ታላቃችን እትዬ ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም፤ ሐምራዊ ስኒከራቸውን አጥልቀው ከሁላችንም ፊት ይሄዳሉ። ከኬንት የሚመጣው ደግሞ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር የነበረ ወዳጃችን ነው፤ ሹክ ሲል እንኳ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን ልጄ “ይሄ ለእናንተ ነው” ብላ ስልኬ ላይ አንድ ማስታወቂያ ላከችልኝ። ንቁ ለሆኑ ጡረተኞች፣ ዘና ያለ የሦስት ቀን የደሴትና የየብስ ጉዞ ይላል። ጥፋቴ ለሾፌሩ ማሳየቴ ነው። አንድ ዙር ሳንጨርስ ሁሉም ሰማ፤ በሁለተኛው ዙር ራሳችን እናዘጋጀው ተባለ፤ በሦስተኛው ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በአራተኛው እኔ በሙሉ ድምፅ የጉዞው መሪ ሆኜ ተመረጥኩ።

“ባሕር የሚያውቅ ሰው እያለን ሌላ ማንን ልንመርጥ ነው?” አሉ እትዬ።

ደነገጥኩ። ውኃ እፈራለሁ፤ አልካይ ዳርቻ እንኳ ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ ነው ፎቶ የምነሳው። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት መርከብ ላይ ከተንቀጠቀጥኩ ካፒቴንነቴ በዚያው አበቃ፤ ወንበሩም አብሮ ሄደ።

ስለዚህ ሥራዬ ደሴቱን ማሳነስ ሆነ። በመጀመሪያው ዕቅዴ ሦስቱን ቀን ለሁለት ከፈልኳቸው፤ ሁለት ቀን ተኩል ስካጂት ሸለቆ ውስጥ አበባ ስናይ እንውላለን፤ ደሴቱ ከምሳ በኋላ ይታያል። ሾፌሩ ይሄ የአበባ ጉዞ ነው ብሎ ተቃወመ። በሁለተኛው ዕቅድ ደሴቱን ከየብስ ሆነን በመነጽር እንድናየው ሐሳብ አቀረብኩ። ምክንያቴን ሲጠይቁኝ የሚያዝያ ነፋስ እንደማይታመን፣ ከሰሜን ምዕራብ ሲመጣ በተለይ ክፉ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሾፌሩማ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ቤት ስንገባ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ወድቃ እስክታነባ ሳቀች።

በሦስተኛው ሳምንት ካርታ ላይ ዊድቢ ደሴትን አገኘሁ። ሰሜን ጫፉ ላይ ድልድይ አለው። ድልድይ ያለው ደሴት! እግዚአብሔር ልብስ ሰፊን አይጥልም ብዬ ቡናዬን ረስቼ ተነሳሁ። በማግስቱ ዕቅዱን ሳቀርብ ሾፌሩ መንገዱን ሁሉ የሚነዳው እሱ መሆኑን ሲሰማ ፊቱ በራ። ዘና እንድንል ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት አለብን ብሎ ክርክር ጀመረ። እኔ ክርክሩን ወደድኩት፤ ስለ ሰዓት እስከተጣላን ድረስ ስለ መርከብ የሚያነሳ የለም።

እትዬ ግን ቆሙ። ሞል ውስጥ ዙር ሳይጨርሱ ቆመው አያውቁም።

“በመኪና የሚገባበት ከሆነ ደሴትነቱ ምኑ ላይ ነው? ከታኮማ በምን ተለየ?” አሉ። “ስንሄድ በድልድዩ፣ ስንመለስ መኪና በሚያሻግረው መርከብ፣ በፌሪው። ካፒቴን አብረውን እያሉ ምን እንሆናለን?”

ድምፅ ተሰጠ። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ባለቤቴ ናት፤ እጇን አውጥታ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔም አወጣሁ።

ጉዞው መልካም ነበር። አበባው ውስጥ ፎቶ ተነሳን፤ ዘና ለማለት በሩጫ ከማሳ ማሳ ዞርን። ድልድዩ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሾፌሩ ካፒቴን እየጸለዩ ነው ብሎ ሁሉንም ዝም አሰኛቸው። እውነትም እየጸለይኩ ነበር።

በመጨረሻው ቀን፣ ከደሴቱ ደቡብ ጫፍ ማዶ ወዳለችው ሙኪልቲዮ ለመሻገር የተከራየናትን ቫን ፌሪው ሆድ ውስጥ አስገብተን አቆምን። ሃያ ደቂቃ ነው። ሁሉም ባሕሩን ለማየት ወደ ላይ ሲወጡ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ አልኩ። መርከብ ላይ ዕቃ ያለ ጠባቂ አይተውም ብዬ ሕግ ፈጠርኩ። ባለቤቴ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ወጣች። ብቻዬን ስቀር ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ በሁለት እጄ ያዝኩ።

“ሄዱ?” አለ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ።

እትዬ ነበሩ። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው ጥግ ተሸጉጠዋል። ውኃ ይፈሩ ኖሯል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ። ታዲያ ፌሪውን ለምን ጠየቁ ብላቸው፣ ሰማንያ ሳልሞላ ከዚህ ፍርሃት ልገላገል ብዬ ነው፣ ደግሞ በእርስዎ ተማምኜ አሉኝ። ያን ጊዜ አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት ወንበር ሲለቀቅልኝ አፍሬ አላውቅም ነበር። ፌሪው ነቅነቅ ሲል የአንዱ መኪና አላርም መጮህ ጀመረ፤ እትዬም ክንዴን ጨመደዱኝ።

“እትዬ፣ እኔ ካፒቴን አይደለሁም” አልኳቸው። “ልብስ ሰፊ ነኝ። መርከብ ስወጣ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።”

ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩኝ። አላርሙ ይጮኻል፤ በስተጎን ባለው ክፍተት አረንጓዴው ውኃ ያልፋል።

“ስንት ደቂቃ ቀረን?” አሉ በመጨረሻ።

“አሥራ አምስት ቢሆን ነው።”

“እንግዲያው አሥራ አምስት ደቂቃ ካፒቴን ይሁኑልኝ። ከወረድን በኋላ የፈለጉትን ይሁኑ።”

ምን አማራጭ አለኝ? ሆንኩ። ይሄ የሚያንቀጠቅጠን ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ሞተሩ ነው፣ የጤነኛ ሞተር ድምፅ እንዲህ ነው አልኩ። ያጋደልን መሰለኝ ሲሉኝ፣ ትንሽ ማጋደል ለመርከብ ጥሩ ነው አልኩ። አንዱንም አላውቀውም። ድምፄ ግን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ወፍራም ሆነ። እጀታውን መልቀቄን ያወቅሁት እጃቸውን በሁለት እጄ ይዤ ራሴን ሳገኘው ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ “ካፒቴን” ለሚለው ስም የሠራሁበት ያን አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

ሌሎቹ ሲመለሱ፣ ይህን የመሰለ ባሕር ሳታዩት ቀራችሁ ብለው አዘኑልን። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ካፒቴን ስለ መርከብ ሲያጫውቱኝ ነበር አሉ። እኔም በልቤ፣ ተረፍኩ አልኩ።

በሳምንቱ ሞል ስንገናኝ እትዬ አንድ ፌስታል ይዘው መጡ። በሁሉ ፊት ጥቁር ሱሪ አወጡና “ካፒቴን፣ ይቺን ሁለት ጣት ያሳጥሩልኝ” አሉ። ሰዉ ቆመ። ሾፌሩ ሱሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ሱሪውን አየ።

“ካፒቴን፣ ስፌትም ይችላሉ እንዴ?” አለኝ።

አሁን አፌ ውስጥ ሳምቡሳ አልነበረም።

“የምችለው እሱን ብቻ ነው” አልኩ። “ባሕር ኃይል ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። መርከብ ያየሁት እናንተ ጋር ነው።” ሱሪውን ተቀብዬ ባልተከፈተ የጫማ ሱቅ ፊት በርከክ አልኩና እትዬ እግር ላይ ለካሁት። ሁለት ጣት ይበዛል፤ አንድ ተኩል ይበቃቸዋል።

ሾፌሩ ብዙ አሰበ። ዝም ብሎ ሲያስብ አይቼው አላውቅም ነበር። ስለ ሚያዝያ ነፋስ የጻፈውን አውጥቶ እንዳያነብብኝ ፈራሁ።

“ሶ፣ ካፒቴን” አለ በመጨረሻ፣ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ፣ “የጃኬቴ ዚፕ ከተበላሸ ቆይቷል። ነገ ላምጣው?”

አምጣው አልኩት።